የወሎ ደጋ ቤት በምን ይሙቅ? የተጨመቀ ማገዶን ከከሰል፣ ከፍልጥና ከኩበት ጋር ስናወዳድር

ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የዋለ ሰው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ጃኬቱን ይፈልጋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ጉጉፍቱ፣ ወገል ጤናና ጋሸና ደግሞ ከደሴም ይብሳሉ። ጥቅምት ከገባ ወዲያ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ክረምት ላይ ጉሙ ይወርድና ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንኳ አልደርቅ ይላል።

«ቤቱን በምን እናሙቀው?» የሚለው ለወሎ ደገኛ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። አራስ፣ አዛውንት ወይም ደረቱ የሚታመም ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ በየዓመቱ ይጠይቀዋል። ከፍልጥ፣ ከከሰልና ከኩበት ሌላ ደግሞ ከሰጋቱራ፣ ከቡና ገለፈትና ከአገዳ ተጨምቆ የሚሠራው ብሪኬት አለ። ይህ ጽሑፍ የቱ ለማን እንደሚሆን ለመለየት ነው።

የእኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር። ምርጫው ከቤቱ ነው የሚጀምረው፤ ማገዶው ቀጥሎ ይመጣል። ጭስ ማውጫ ያለው ዝግ ምድጃ ካላችሁ፣ በደንብ የተጨመቀ ማገዶ ጥሩ ምርጫ ነው። ጭስ ማውጫ ከሌላችሁ ግን የትኛውም የሚነድ ነገር ለመኝታ ክፍል አይሆንም። «ጭስ የለውም» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን።

ብሪኬት ሁሉ አንድ አይደለም

በዚህ ስም ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። ሳይለዩ መግዛት ገንዘብ ያስጠፋል፤ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ያመጣል።

አንደኛው ጥሬው የተጨመቀ ማገዶ ነው። ሰጋቱራው ወይም ገለባው ይደርቃል፣ ይደቅቃል፣ ከዚያ በከባድ ማሽን ይጨመቃል። ሙቀቱና ጫናው እጽዋቱ ውስጥ ያለውን ሊግኒን የሚባል አጣባቂ ነገር ያለሰልሰዋል። ሊግኒኑ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክርና ቅንጣቱን ሁሉ አያይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ሙጫ አያስፈልገውም። በጠመዝማዛ ብሎን እየተገፋ የሚወጣው ዓይነት መሃሉ ለመሃሉ ቀዳዳ አለው። የውጭ ቆዳው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ በሚግል ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ጠቁሮና አብረቅርቆ ይወጣል። ሰበር አድርጋችሁ ብታዩት ውስጡ ቡናማ ነው፣ የሰጋቱራው ቅንጣትም ይለያል። የሚነደው እንደ እንጨት ነው። ነበልባል አለው፤ ሲቀጣጠልም ይጨሳል።

ሁለተኛው የከሰል ብሪኬት ነው። ተረፈ ምርቱ መጀመሪያ አየር በማይገባበት በርሜል ወይም ጉድጓድ ውስጥ ይከስላል። ከዚያ ዱቄቱ ከስታርች፣ ከሞላሰስ ወይም ከሸክላ አፈር ጋር ታሽቶ ቅርጽ ይይዛል። ይህ እንደ ከሰል ይቀላል፤ ጭሱም ትንሽ ነው። የከሰል ባሕርይ ሁሉ አለው፣ አደጋውም ጭምር።

ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የሚያወራላችሁ በወረቀት የተጠቀለለው ግንድ ደግሞ ሌላ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ያ ግንድ ሰጋቱራ ከሰም ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ተፈልቶ ከተረፈ የቡና ዱቄት የተሠራም አለ። ለሳሎን ማድመቂያ ይሆናል፣ ምግብ ግን አይበሰልበትም። ያለ ሰም የሚጨመቀውም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ያሉ የእንጨት ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሰጋቱራቸውን እየጨመቁ ለቤት ማሞቂያ ሸጠዋል። ነገሩ የሠራላቸው በዚያ አገር ቤቱ ሁሉ ምድጃና ጭስ ማውጫ ስለነበረው ነው። እኛ ዘንድ የጎደለው ይሄ ነው።

የሙቀት ሒሳብ

ማገዶን በሸክም፣ በጆንያ ወይም በፍሬ መግዛት ለምደናል። ለማወዳደር ግን ኪሎ ያስፈልጋል። ሚዛን ፈልጉና አንዴ መዝኑት፤ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

ሙቀት በሜጋጁል ይለካል። በደንብ የተጨመቀ ደረቅ ማገዶ በኪሎ 17 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። ከዝናብ ተጠብቆ ወራት የደረቀ የባህር ዛፍ ፍልጥ 14 ወይም 15 ይሰጣል። ትናንት ተቆርጦ ዛሬ ገበያ የወጣው ፍልጥ ግን ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ስለሚችል 8 ያህል ቢሰጥ ነው። ቀሪውን ሙቀት የራሱን ውሃ ለማትነን ይጨርሰዋል። ደረቅ ኩበት ወደ 12 ይጠጋል። ጥሩ የእንጨት ከሰል ከ28 እስከ 30 ይደርሳል። የከሰል ብሪኬት ደግሞ እንደ ማያያዣው ነው። ሸክላ አፈር በበዛበት ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል፣ አመዱ ይበዛል።

ከዚህ በኋላ ዋጋ ማወዳደር ቀላል ነው። የከሰሉ የኪሎ ዋጋ ከተጨመቀው ማገዶ ዋጋ ከ1.7 እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ለአንድ ብር ብዙ ሙቀት የሚሰጣችሁ የተጨመቀው ነው። ከደረቅ ፍልጥ ጋር ሲተያይ ደግሞ የተጨመቀው እስከ 1.2 እጥፍ ድረስ ቢወደድ እንኳ አያከስርም። ከእርጥብ ፍልጥ ጋር ከሆነ እጥፍ ቢከፈልበትም ያዋጣል። እርጥብ ፍልጥ ርካሽ የሚመስለው በሸክም ስለሚሸጥ ነው።

ደረቅ ፍልጥ ያለው ሰው ግን ብሪኬት ፍለጋ መድከም የለበትም። ይህን የምለው የተጨመቀ ማገዶን ስለማልወድ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ቦታ ካለ ፍልጡን በበጋ ግዙት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፣ ከላይ ብቻ ሸራ አልብሱት፣ ጎኑን ነፋስ ይግባበት። ለክረምት የሚሆን ጥሩ ማገዶ አገኛችሁ። የተጨመቀው የሚበልጠው ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ኖሮት ቦታ ለሌለው ሰው ነው። ደሴ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው የፍልጥ ክምር የት ያደርጋል? የተጨመቀው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በጠባብ ቦታ ብዙ ይይዛል፤ አልጋ ሥርም ይገባል።

ኤሌክትሪክስ? 1,500 ዋት የሚጠቀም ማሞቂያ በየማታው ለ3 ሰዓት ቢበራ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በወር 135 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እያሳደገ ይሄዳል። ቢሆንም ጭስ የለውም፣ መርዝም የለውም። አራስ ለምትተኛበት ክፍል ከሁሉም የማስቀድመው እሱን ነው። ጥንቃቄው ገመዱ ላይ ነው። በቀጭን ማራዘሚያ ላይ ቴሌቪዥንና ምጣድ ደርቦ ማሞቂያ መሰካት እሳት ያስነሳል፤ ለብቻው ከግድግዳ ሶኬት ይሰካ። መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጉም አስቀድማችሁ አስቡበት። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ካላችሁ፣ የተጨመቀ ማገዶን በመጠባበቂያነት ማስቀመጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ለግምት ያህል፣ አንድ ኪሎ የተጨመቀ ማገዶ በጥሩ ዝግ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ለቤቱ የሚተወው ሙቀት ያ ማሞቂያ ሁለት ሰዓት ያህል በርቶ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል።

ስለ ከሰል

እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፤ የሰው ሕይወት ስለሆነ።

ብዙ ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪያልቅና ላዩ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል፣ ከዚያ ማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በሩ ይዘጋል። ብርድ እንዳይገባ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። አራስ ቤት ከሆነማ መስኮቱም አይከፈት።

የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ከሰል ቀልቶ እስኪከስም ድረስ ያመነጨዋል፤ አመድ ሲለብስም አያቆምም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስዳል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ እዚያው ይቀራል። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይበልጥ ይከፋል።

የከሰል ብሪኬትም ልክ እንደዚሁ ነው። ከቡና ገለፈት ይሠራ፣ ከአገዳ ይሠራ፣ ጋዙ ያው ነው። «ከተፈጥሮ የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። ለቡና፣ ለወጥ፣ በር ተከፍቶ ለሚሞቅ እሳት ይሁን። ለእንቅልፍ አይሁን። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው ደጅ ይውጣ።

ሰው ከታፈነ መጀመሪያ ወደ ንጹህ አየር ማውጣት ነው። ሎሚ ማሽተት፣ ወተት ማጠጣት አየሩን አይተካም። ራሱን ካወቀ በኋላም ጤና ተቋም ይሂድ፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ከሰል ሌላም ዕዳ አለበት። በባህላዊው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ተራራው እየተራቆተ ላለው ወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኩበትና የወሎ ተረፈ ምርት

ዛፍ በራቀበት በመቄት፣ በዋድላና በደላንታ ደጋ ኩበት ዋና ማገዶ ነው። ማንም በምርጫ አልገባበትም። ጭሱ ብዙ ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ አመዱም ብዙ ነው። ትልቁ ዋጋው ግን ማሳ ላይ ነው የሚከፈለው። እበቱ ወደ ምድጃ ሲሄድ መሬቱ ማዳበሪያውን ያጣል። ስለዚህ ኩበትን በሌላ ማገዶ መተካት ከተቻለ ትርፉ ድርብ ነው።

ታዲያ በምን ተረፈ ምርት? እዚህ ላይ ከሌላ አገር የተቀዳ ምክር አይሠራም። «የማሽላ አገዳው ይጨመቅ» ማለት ቀላል ነው። የቆቦንና የቃሉን ገበሬ ግን ጠይቁት። አገዳው የከብቱ መኖ ነው፣ አጥሩ ነው፣ የጎጆው ማገር ነው፣ ማገዶውም ነው። የጤፍ ጭድ ለከብትና ለጭቃ ቤት ይፈለጋል። ያንን ወስዶ ብሪኬት ማድረግ ከበሬው አፍ መንጠቅ ነው።

በእውነት የሚጣለው ሌላ ነው። የእንጨት ቤቶች ሰጋቱራና ፍቅፋቂ አለ። የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ፤ አመዱ ትንሽ ስለሆነ ጥሩ ይነዳል። የቡና ገለፈት አለ። የጫት ገረባ አለ፤ በየከተማው ቆሻሻ ሆኖ ይታያል። ከባቲ ወዲያ ወደ አፋር ሲወረድ ደግሞ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ አለ፤ መጤ ወራሪ ዛፍ ስለሆነ መቆረጡ ጉዳት የለውም። የተጨመቀ ማገዶ ስትገዙ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ከእነዚህ ከሆነ ደስ ብሏችሁ ግዙት።

ከምን ተሠራ የሚለው ለአመዱም ወሳኝ ነው። ንጹህ ሰጋቱራ ከመቶ አንድ ያህል አመድ ነው የሚተወው። ገለባና አገዳ ብዙ እጥፍ ይተዋሉ። የሩዝ ቅርፊት ከሆነ ከመቶ 15 እስከ 20 አመድ ነው። ከገለባ የተሠራው አመዱ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ እየጠጠረ የምድጃውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

ሰጋቱራም ሁሉ ንጹህ አይደለም። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ብዙ ቤቶች ከባህር ዛፍና ከጽድ ይልቅ ኤምዲኤፍና ቺፕውድ የሚባሉትን በሙጫ የተጋገሩ ጣውላዎች ይቆርጣሉ። የእነዚህ ዱቄት ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ባለበት ሙጫ የተያያዘ ነው። ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ቫርኒሽ የነካው ፍቅፋቂም እንደዚያው።

ማሽን በሌለበት፦ የሰጋቱራ ምድጃ

የተጨመቀ ማገዶ በአካባቢያችሁ ካልተሸጠ ሰጋቱራውን እንዳለ መጠቀም ይቻላል። ትልቅ የቀለም ወይም የዘይት ቆርቆሮ ይወሰዳል። ጎኑ ላይ፣ ከታች፣ እንጨት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበጃል። መሃል ላይ ጠርሙስ ይቆማል፤ አንድ እንጨት ደግሞ በታችኛው ቀዳዳ ገብቶ ጠርሙሱን እንዲነካ ይደረጋል። ከዚያ ደረቅ ሰጋቱራ ዙሪያውን እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ጠርሙሱ ቀስ እየተዞረ ይነቀላል፣ እንጨቱም ይወጣል። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ የአየር መንገድ ቀረ። በታችኛው ቀዳዳ ይለኮሳል፤ ሰጋቱራው ከውስጥ ወደ ውጭ እየነደደ ሰዓታት ይቆያል።

ጥቅጠቃው ከላላ ሰጋቱራው ተደርምሶ መንገዱን ይዘጋና መጨስ ይጀምራል። ትንሽ ከረጠበም ያው ነው። ይሄም ቢሆን ደጅ ወይም ጭስ ማውጫ ያለው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ርካሽነቱ ግን ወደር የለውም።

ስትገዙ መፈተሻ

ሁለት የተጨመቁ ግንዶችን እርስ በርስ አንኳኩ። ጠንካራና ደረቅ ድምፅ ካልሰጡ እርጥበት ገብቷቸዋል። ዙሪያውን ስንጥቅ የበዛበትን ተዉ፤ ሲነድ ይፈራርሳል። ቁራጭ ሰብራችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉ። በደንብ የተጨመቀ ከሆነ ይሰጥማል፤ ከውሃ ይከብዳልና። ትንሽ ሲቆይ ያብጥና ወደ ሰጋቱራነቱ ይመለሳል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ውሃ ውስጥ ቆይቶ ንክች የማይል ከሆነ ሙጫ ወይም ላስቲክ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቁራጩን ደጅ አቃጥላችሁ አሽትቱ፤ የእንጨት ሽታ እንጂ የፕላስቲክ ሽታ ሊኖረው አይገባም።

ይኸው የውሃ ነገር የተጨመቀ ማገዶ ትልቁ ድካሙ ነው። የደሴ ክረምት ጉም ብቻውን ያሳብጠዋል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ከሲሚንቶው ወይም ከአፈሩ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳው አርቃችሁ አስቀምጡ። ለወራት የሚሆን ገዝቶ ጎተራ ውስጥ ከመክተት በየጊዜው መግዛት ይሻላል።

ምድጃውና ጣሪያው

ብረት ሠሪ ጋ ሄዳችሁ በር ያለው፣ የአየር መቆጣጠሪያ ያለው፣ በቱቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ አሠሩ። ክፍት እሳት ላይ ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ዝግ ምድጃ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ለቤቱ ይቀራል።

ከባዱ ሥራ ቱቦው በጣሪያ የሚያልፍበት ቦታ ነው። የብዙ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ነው። የጋለ ቱቦ በዚያ ማሳለፍ ቤት ማቃጠል ነው። ቱቦው በሚያልፍበት ዙሪያ ጨርቁና እንጨቱ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥ፣ ቦታው በቆርቆሮ ይሸፈን። የሣር ክዳን ቤት ከሆነ ብልጭታውም ስለሚያሰጋ ይህን ምድጃ አልመክርም። ጥቀርሻው በየዓመቱ ይጠረግ።

የተጨመቀው ማገዶ አነዳድ እንዲህ ነው። ጭራሮ ከታች አንድዱ፣ ላዩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ግንድ ጎን ለጎን አጋድሙ። ሲግል ስለሚያብጥ ምድጃውን አትሙሉት። ከፍልጥ ይልቅ ስለሚግል ከልክ ካለፈ ብረቱን ያጣምማል። ከተያያዘ በኋላ አትቆስቁሱት፤ ይፈርሳል። ላምባ አታርከፍክፉ። መስኮቱ ጥቂት ገርበብ ይበል፤ ምድጃው የሚነደው ክፍሉ ውስጥ ባለው አየር ነው።

ለማን ምን እንደምመክር ልዘርዝር። የራሳችሁ ቤት ካላችሁና ማሠራት ከቻላችሁ ዝግ ምድጃ፣ ከዚያ ደረቅ ፍልጥ ወይም ከሰጋቱራ የተጨመቀ፤ በአካባቢያችሁ የረከሰውን። ተከራይ ከሆናችሁ ኤሌክትሪክ፣ ባጀት ካልፈቀደ ደግሞ ጋቢና በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ። ከሰሉን ለቡናው ተዉት። ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ መርሳ ያላችሁ ለማሞቂያ ገንዘብ አታውጡ፤ በሩን ዝጉ ይበቃል። ደጋው ላይ ኩበት የምታነዱ ደግሞ ሰጋቱራ ወይም ቆረቆንዳ ስታገኙ በግማሽም ቢሆን ቀይሩት፣ የተረፈውን እበት ማሳው ላይ በትኑት። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ሁሉ ግን ከማገዶው በፊት ኮርኒሱን አስቀድሙ፤ ያለ ኮርኒስ የሚነደው ሁሉ ቆርቆሮውን ነው የሚያሞቀው።